እንሰት የሚተወው አሻራ፦ የጋሞ ጥንታዊ እርሻ የት ይፈለግ?



ስለ መጀመሪያዎቹ የገበሬ መንደሮች ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ኢያሪኮና በዛሬዋ ቱርክ የሚገኘው ቻታልሆዩክ ናቸው። በእነዚያ ስፍራዎች የጭቃ ጡብ ቤቶች በቀደሙት ፍርስራሽ ላይ እየተሠሩ ጉብታ ሆነዋል፤ የከሰለ እህልም በአፈሩ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። በአገራችንም ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ላሊበላ በተባለ ዋሻ፣ 2,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ገብስና ሽምብራ ተገኝቷል።

ይህ መለኪያ ግን ለጋሞ ደጋ አይበቃም። ምክንያቱ እንሰት ነው። የገብስ ፍሬ እሳት ሲነካው ከስሎ ለሺህ ዓመታት ይቆያል። እንሰት ግን የሚተከለው በችግኝ እንጂ በዘር አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳያብብ ይቆረጣል። ቆጮው ተበልቶ ያልቃል፤ የቀርከሃው መፋቂያና የቀርከሃው ቤት ይበሰብሳሉ። ስለዚህ ብዙ ትውልድ የኖረበት መንደር ጉብታም፣ የከሰለ ዘርም ሳይተው ሊያልፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋ ከሞታ ዋሻ የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው የሰው አፅም ተቆፍሮ ወጣ። ባይራ፣ ማለትም የበኩር ልጅ፣ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የዘር ውርስ መረጃው ከአፍሪካ ጥንታዊ አፅም ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ነው። ባይራ በአደንና በለቀማ ይኖር እንደ ነበር ይታመናል። ከዚህ ተነሥቶ «በዚያ ዘመን በጋሞ እርሻ አልነበረም» ማለት ግን የአንድ ዋሻን ምስክርነት ለአገሩ ሁሉ መስጠት ነው። የዘር ውርስ የሰውን ትውልድ ይናገራል፤ በሌላው ጓሮ ምን እንደ ተተከለ ግን አይናገርም።

እንግዲህ ፍለጋው ወደ አሮጌው ጓሮ መዞር አለበት። የእንሰት ቅጠል ሲበሰብስ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ ቅንጣቶች በአፈር ውስጥ ይቀራሉ። በባልጩት መሣሪያ ስለት ላይ የስታርች ቅሪት ሊገኝ ይችላል። የቆጮ ጉድጓድም ተደፍኖ እንኳ በአፈሩ ቀለም ሊለይ ይችላል። እነዚህ ማስረጃዎች የሚናገሩት ግን የአፈሩ ንብርብር እስካልተደባለቀ ድረስ ብቻ ነው።

ለዚህም ነው ጉዳዩ እናንተን የሚመለከተው። ሙዝ የእንሰት ዘመድ ነው፤ የላንቴ ኑሮም በእርሱ የቆመ ስለ ሆነ አትትከሉ አልልም። ነገር ግን እዚህም ሆነ ከደጋው ዘመዶቻችሁ ዘንድ ለቤት መሠረት ወይም ለቦይ ስትቆፍሩ ባልጩት፣ የሸክላ ስባሪ ወይም የተደፈነ ጉድጓድ ብታዩ ባለበት ትታችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ስባሪው ተለቅሞ ቢመጣልን ዕቃውን እናገኛለን፤ ዘመኑን የሚነግረንን አፈር ግን እናጣለን።