ሦስተኛ ወገን ማን ነው? ከጉማ እስከ መድን

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ «ሦስተኛ ወገን» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በአንዲት አባላችን ልጅ ምክንያት ነው። ልጁ እዚሁ ኑኑ ቁምባ ውስጥ በብስክሌት ከገበያ ሲመለስ የጭነት መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰበረ። የባለመኪናው ሽማግሌዎች መጡ፣ የመጀመሪያውን የሕክምና ወጪ ሸፈኑ፣ በግ ታረደ። «ታርቀናል፣ ቂም የለንም» የሚል ወረቀትም ተፈረመ። እናቲቱ «ልጄ ተርፎልኛል፤ ከዚህ በላይ ምን እጠይቃለሁ?» አለች። እኛም አብረናት ፈጣሪን አመሰገንን።

ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግን አጥንቱ በደንብ ሳይገጥም መቅረቱ ታወቀና ነቀምቴ ላይ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ታዘዘለት። ገንዘቡ ከቁጠባ ሣጥናችን ወጣ። ለዘር መግዣና ለልጆች ደብተር ብለን ያጠራቀምነው ነበር። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ከመካከላችን አንዷ «ለመሆኑ መኪናው መድን አልነበረውም?» ብላ ጠየቀች። መልስ የነበራት አልተገኘችም። ይህ ጽሑፍ መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው ታሪክ ነው።

መነሻው ከመኪና በፊት ነው። በኦሮሞ ባህል ሰው ሲገደል፣ ሳይታሰብ በድንገት ቢሆንም እንኳ፣ የገዳይ ወገን ለሟች ወገን ጉማ ይከፍላል። ጉማው ደም እንዲበርድና በቀል እንዳይቀጥል የሚደረግ ነው። የሚከፍለውም የሚቀበለውም ወገን ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይጠየቅም፣ ብቻውንም አይካስም። ከጎኑ ደግሞ እድር አለ። እድር ለቀብርና ለልቅሶ ይደርሳል። እነዚህ ሁለቱ ለአያቶቻችን እንደ መድን ነበሩ ብንል ስህተት አይሆንም። ይሁን እንጂ ሁለቱም የቆሙት ሰው ሰውን በሚያውቅበት አገር ላይ ነው። ታርጋው ከሩቅ የመጣ መኪና ገጭቶ ሲሄድ ጉማ የሚጠየቀው ወገን የት ይገኛል?

የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ብስክሌትም በከተሞች እየተለመደ ሄዶ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞቻችን ተወዳድረዋል። መድንም በዚያው ዘመን አብሮ መጣ። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጭነት መድን ይሸጥ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ኢምፔሪያል የተባለው የመጀመሪያው አገር በቀል የመድን ኩባንያ ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ 13 የመድን ኩባንያዎችን ወረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ። የግል ኩባንያዎች እንደገና የተፈቀደላቸው በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት መድን የሚገባው ሀብት ያለው ሰው፣ የሚገባውም ለራሱ ንብረት ነበር። በብስክሌት የሚሄደው ልጅ በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም።

ልጁን መጀመሪያ ያየው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ያሽከረከረው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ እርሱ ራሱ ጥፋት ባይኖርበትም። ከኃላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል የሚድነው ጥፋቱ የተጎጂው መሆኑን ካስረዳ ነው። ስለዚህ በሌሊት ያለ መብራት የሚነዳ ብስክሌተኛ ካሣው ሊቀነስበት ይችላል። ሰው ከሞተም ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች የመተዳደሪያ ካሣ መጠየቅ ይችላሉ። ያው ሕግ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በዚያን ጊዜ ከባድ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ግን የአንድ ጎማ ዋጋ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ከ1952 ጀምሮ መብቱ ነበረ፤ ዋስ ግን አልነበረውም። ባለመኪናው ደሃ ከሆነ ወይም ንብረቱን ካሸሸ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት ቀደም ብለው አይተውታል፤ እንግሊዝ ለምሳሌ ባለመኪና ሁሉ ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገደደችው በ1930 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ አገር ግዴታው የመጣው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል።

«ሦስተኛ ወገን» የሚለው ስም ግር ያሰኛል። አንደኛው ወገን መድን የገባው ባለመኪና ነው፤ ሁለተኛው የመድን ድርጅቱ ነው። ሦስተኛው በውሉ ላይ ያልፈረመው፣ አንድ ብር ያልከፈለው፣ በመንገዱ ሲያልፍ የተጎዳው ሰው ነው። እግረኛዋ ናት፤ ብስክሌተኛውም ነው። ብስክሌት መድን የመግባት ግዴታ የለበትም፤ ባለ ሞተሩ ግን፣ ሞተር ብስክሌትም ባጃጅም ይሁን የጭነት መኪና፣ አለበት። ስለዚህ «ልጁ መድን የለውም» ብለን ማዘናችን ስህተት ነበር። የሚያስፈልገው የልጁ መድን ሳይሆን የመኪናው ነበርና። ብስክሌተኛው ራሱ እግረኛ ቢገጭ ግን መድን አይከፍልለትም፤ ጥፋቱ የእርሱ ከሆነ ከኪሱ ይክሳል።

የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ ለሞት ካሣ ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ወሰነ። ይህን በስብሰባ ስናነብ ጸጥ አልን። ለተሰበረ ንብረት የተመደበው ለሰው ሕይወት ከተመደበው ይበልጥ ነበር። መጠኑ በየጊዜው የሚሻሻል በመሆኑ አደጋ የደረሰበት ሰው በዕለቱ በሥራ ላይ ያለውን መጠየቅ አለበት። ጣሪያው ምንም ይሁን ምን ግን አንድ ነገር አይለወጥም፦ መድኑ ከፍሎ ያልሸፈነው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከባለመኪናው ይጠየቃል።

አዋጁ ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ሰጥቶናል። አንደኛው የአስቸኳይ ሕክምና ነው። የጤና ተቋም በተሽከርካሪ የተጎዳን ሰው «መጀመሪያ ክፈል» ብሎ መመለስ የለበትም፤ እስከ ተወሰነው መጠን አክሞ ወጪውን በአዋጁ መሠረት ይጠይቃል። ሁለተኛው የመድን ፈንድ ነው። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሳይታወቅ ሲቀር ወይም መድን ሳይኖረው ሲገኝ ተጎጂው የሚካሰው ከዚህ ፈንድ ነው። በጉማ ዘመን መልስ ያላገኘው ጥያቄ፣ ወገኑ ያልታወቀ ገጪ፣ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ። ጥያቄውን ስናነሣ አደጋው ከደረሰ ዓመት ከሰባት ወር ሆኖት ነበር። የካሣ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ጊዜ የተሰጠው ወንጀል ከሆነ ብቻ ይረዝማል። አምስት ወር ብቻ ቀርቶን ነበር። የፖሊስ የአደጋ መረጃ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የታርጋ ቁጥርና የመድን ድርጅቱን ስም ይዘን ተመላለስን። የእርቁ ወረቀት ስለ ካሣ አንድ ቃል ስለማይናገር ዕድለኞች ነበርን። «ካሣ ተቀብለናል፣ ሌላ ጥያቄ የለንም» የሚል ቢሆን ኖሮ በሩ ሊዘጋብን ይችል ነበር።

መድኑ ከፊሉን ከፈለ። ለቀሪው ያንኑ ሽማግሌዎች እንደገና አስቀመጥን። የተቆጡ መስሎን ፈርተን ነበር፤ ታላቃቸው ግን «እርቁ እርቅ ነው፤ ካሣው ካሣ ነው» አሉና ባለመኪናው ድርሻውን እንዲሰጥ አደረጉ። ልጁ ዛሬ ያነክሳል፤ ይሄዳል ግን። ከሣጥናችን ከወጣውም ገሚሱ ተመልሷል።

እርቅን አንንቅም። ከባለመኪናው ቤተሰብ ጋር ዛሬም በገበያ ስንገናኝ ሰላም የምንባባለው በእርቁ ምክንያት ነው። የተማርነው እርቁና ካሣው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ሕጉ መብቱን በ1952፣ ዋሱን በ2000 ሰጠን፤ የቀረው እኛ ማወቃችን ነበር።

ስለዚህ በማኅበራችን የተስማማነው ይህ ነው፦ አደጋ ሲደርስ ታርጋው ይጻፋል፣ ለፖሊስ ይነገራል፣ መኪናው ላይ የተለጠፈው የመድን ምልክት ይታያል፣ የሕክምና ደረሰኝ አይጣልም። የእርቅ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ማንበብ የምትችል አባል ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ «ካሣ» የሚል ቃል ካለበት አይቸኮልም። የአደጋው ቀን በማኅበሩ መዝገብ ይሰፍራል፤ ሁለቱ ዓመት እንዳያመልጠን ጸሐፊዋ ትቆጥራለች።

ለምትረዱን ወገኖችም አንድ ቃል አለን። የላካችሁት ገንዘብ ለዘርና ለደብተር ነው። ባለመኪናና መድን ሊከፍሉት የሚገባውን ከእንግዲህ ከእናንተ ድጋፍ አንከፍልም።