ጓሳ የሚዘጋበት ዘመን

የጨፋ ሮቢት ልጅ ነኝ። አባቴ ከብት አርቢ ነበር፤ እኔም ዕድሜዬን በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ፣ መርፌና መድኃኒት ይዤ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ስመላለስ አሳልፌአለሁ። ስለዚህ የዱር እንስሳ ወሬ በተነሳ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሣሩ ነው። ሣሩን ማን ከለከለ? ማን ፈቀደ? በየትኛው ወር?

ልጅ ሳለሁ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ አባቴ የጥጃ ማሰሪያ የሚገዛው በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ከመንዝ ከሚወርዱ ሰዎች ነበር። ከጓሳ ሣር የተገመደ ሸካራ ገመድ ነው፤ መዳፍ ይቧጥጣል፣ ጭቃና ዝናብ ግን ቶሎ አይበላውም። ከዚያው ሣር የተሠራ ገሳም ለብሰው ይመጡ ነበር። አንድ ሰሞን ገመዱ ከገበያ ጠፋ። አባቴ ደንበኛውን ሲጠይቀው ሰውዬው «ጓሳው ተዘግቷል፣ ጋሼ» አለው። አባቴም ሌላ ጥያቄ ሳያነሳ ጠፍር ገዝቶ ተመለሰ። ቆላ ያለነው ሰዎች እንኳ ጓሳ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ዘመን እንዳለው እናውቅ ነበር።

ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውርጫም ሜዳና ተረተር ነው። ምሥራቃዊው ጫፉ ገደል ሆኖ ወደኛ ቆላ ይወርዳል። የአካባቢው ሰው እንደሚናገረው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሜዳውን የያዙት የአስቦና የጌራ ዘሮች ናቸው፤ የወረዳው ስምም የአንደኛውን አባት ስም እንደያዘ ቀርቷል። ሜዳው በአጽመ ርስት ይያዝ ነበር፤ የሚጠበቅበት ሥርዓት ደግሞ ቀሮ ይባል ነበር። የአስቦ ወገን አንድ፣ የጌራ ወገን አንድ አለቃ ይመርጥ ነበር፤ ሕዝቡ በየአጥቢያው ተከፋፍሎ ጥበቃውን ይካፈል ነበር። ሜዳው ሲዘጋ ሣር ማጨድም፣ ጨረንፊ የተባለውን ቁጥቋጦ ለማገዶ መቁረጥም፣ ከብት ማሰማራትም ክልክል ነበር። እገዳው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘልቅ ነበር። ከዚያ በጋው ሲከፋና የደጋው ከብት ሲጎዳ ሽማግሌዎች ይመክሩና አለቆቹ የመክፈቻውን ቀን ያውጁ ነበር። ክረምቱ ገብቶ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ከብቱ ሁሉ ይወጣና ሜዳው መልሶ ይዘጋ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የተጠቀመው ሰው ብቻ አልነበረም። ለሥራ ወደ መሀል ሜዳ ከተማ በሄድኩበት ወቅት ጓሳ ላይ ጭላዳ ሲግጥ ቆሜ አይቻለሁ። ዝንጀሮ ብንለውም ኑሮው የከብት ነው፤ ሣር ይበላል፣ በመቶ እየሆነ በመንጋ ይሰማራል። በመቀመጫው ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ቅጠል እየመረጠ ይነጫል፤ ጭብጡ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፤ ሳይነሳ በቂጡ ተንሸራቶ ወደፊት ይጠጋል። በመሃላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ ቀስ ብሎ ያልፋል። ግልገል ያዘለች እናት ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ቀበሮው የሚፈልገው አይጥ ነው። በዚሁ በጓሳ ተጠንቶ በ2007 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ ሲያድን ከመቶው ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25ቱ ብቻ። አይጡ ከሣሩ፣ ቀበሮው ከአይጡ፣ ጭላዳውም ከዚያው ሣር ስለሚኖር፣ አለቆቹ ሜዳውን በዘጉ ቁጥር ለሁሉም ዘግተውላቸዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። አዋጁን አላማም፤ የጭሰኛን አንገት ያቀና አዋጅ ነው። ቀሮም ቢሆን የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነውን ከሜዳው የሚያስቀር ሥርዓት ነበርና ቅሬታ ነበረበት። ግን አጽመ ርስቱ ሲፈርስ የመዝጊያና የመክፈቻው ልማድም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳ ለደረሰ ሁሉ ክፍት ሆነ፣ ሣሩም ተመናመነ። ቆይቶ የመንዝ ሰው ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ደግፎት፣ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። ዛሬ የሁሉም ነዋሪ ድምፅ አለበት፤ መዝጋቱና መክፈቱም ተመልሷል።

በአዋሽ የሆነው ሌላ ነው። በ1961 ዓ.ም. በሕግ የተከለለው ብሔራዊ ፓርክ ሳላ የተባለውን የዱር እንስሳ ሊጠብቅ ሲነሳ የከረዩ አርብቶ አደሮችን የበጋ ግጦሽና የውኃ መውረጃ በወሰኑ ውስጥ አስገባ። ለከረዩ የተነገረው ወሰኑ ነበር። በየትኛው ወር፣ በየት በኩል ይገባል የሚለውን ተቀምጦ የመከረበት አልነበረም፤ በዚያም ላይ የመተሐራ ሸንኮራ እርሻ ሌላውን መሬት ይዞበታል። በጋ ሲመጣ ከረዩ ከብቱን ይዞ ወሰኑን ሲያልፍ ከጠባቂ ጋር መጋጨቱ የማይቀር ሆነ፤ ሳላውም ሰላም አላገኘም። የአሜሪካኖቹ የሎውስቶን ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1872 ቢከለልም ከሠላሳ ዓመት በኋላ የቀሩት ጎሾች ሁለት ደርዘን ገደማ ነበሩ። በጥበቃ ወደ ሺዎች ሲመለሱ ደግሞ በረዶው ሲበዛ ከወሰኑ ወጥተው ወደ ቆላው ሣር መውረድ ጀመሩ፤ ከብት አርቢዎች የውርጃ በሽታ ያስይዙብናል ብለው ተነሱ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ የጋራ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ጎሹም የከረዩ ላምም የሚሄዱት በወቅት ነው፤ ወቅትን ያልቆጠረ ወሰን አይዛቸውም።

ይህን የማነሳው ስለ ጨፋ ነው። ከቦርከና ወንዝ የሚጠጣው ረግረግ ሜዳችን በበጋ የሁሉ መጠጊያ ነው፤ አፋሩ ይመጣል፣ አርጎባው ይመጣል፣ የኛም ኦሮሞ ከየቀበሌው ይወርዳል። በ1994 ዓ.ም. ድርቅ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያ ያወጣው ሪፖርት 50,000 አርብቶ አደሮችና 200,000 እንስሳት ጨፋ ላይ እንደተጠለሉ ጽፏል። ያን ጊዜ ስንከትብ ከጭቃው መውጣት ያቃታትን ላም አራት ሰው በጅራቷና በቀንዷ ይዞ ሲጎትት፣ ከጎኗ የሌላ ጎሣ ልጅ ሣር አጭዶ ሲያቀርብላት አይቻለሁ። እንግዳና ባለቤት ተቀምጠው የተስማሙበት ውል ግን አልነበረም፤ ያዋለን ይሉኝታና የአባቶች ትውውቅ ነው።

አሁን የረግረጉ ዳር በመስኖ እየታረሰ ነው፤ ከብት ይወርድባቸው የነበሩ መንገዶች በቲማቲምና በሽንኩርት ማሳ እየተቆረጡ ነው። የሚያርሰውም የኛ ልጅ ስለሆነ አልኮንነውም። የአርጡማ ፉርሲና የደዋ ጨፋ ወረዳ ሽማግሌዎች፣ የአፋር አባቶችና የአርጎባ አባቶች ግን የመውረጃ መንገዶቹን ራሳቸው ረግጠው ያመልክቱ፤ በጋው ሳይገባ ከብት የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀን ይቁረጡ፤ ወረዳዎቹም ተቀብለው በማኅተም ያጽኑት። ከመንዝ ኮሚቴ ሁለት ሦስት ሰው ጠርቶ መጠየቅም ይቻላል። ከኛ በላይ ናቸው፣ ሩቅ አይደሉም።