የባሕር ተብሎ የተሰየመው የወንዝ ዛጎል፦ ኢቴሪያ ኤሊፕቲካን ለይቶ ስለማወቅ

የጎንደር ደጋ ውኃ መድረሻው ዓባይ ነው፤ ከከተማዋ የሚወርዱት አንገረብና ቀሃ በመገጭ በኩል ጣና ሲገቡ፣ የሰሜኑ ተዳፋት ውኃ ደግሞ በተከዜና በአትባራ አልፎ ከዚያው ወንዝ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በዓባይ ተፋሰስ የሚኖረውን ኢቴሪያ ኤሊፕቲካን፣ ማለትም ሁለት ቅርፊቶቹ እንደ በር በማጠፊያ የተያያዙለትን ለስላሳ አካል እንስሳ ለይቶ ማወቅ ለጎንደር ተመራማሪ የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ፈረንሳዊው ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1807 ለዚህ ዛጎል ስም ሲያወጣለት የባሕር ፍጥረት መስሎት ነበር። የቅርፊቱ ውፍረት፣ ወጣ ገባነቱና ከዓለት ጋር ተጣብቆ መኖሩ ኦይስተር ከተባለው የባሕር ዛጎል ጋር ስለሚያመሳስለው ግምቱ አያስገርምም። ሆኖም ላማርክ የቅርፊቱን ውስጥ በጥንቃቄ መርምሮ ከኦይስተር ለይቶታል፤ ያደገ ኦይስተር ቅርፊቱን የሚዘጋበት ጡንቻ አንድ በመሆኑ የሚተወው ጠባሳም አንድ ሲሆን፣ ኢቴሪያ ግን ሁለት ጠባሳ አለው። ከኦይስተር መለየቱ ትክክል ነበር፤ በመኖሪያው ግን ስቷል። ይህም ስሕተት የታረመው ፈረንሳዊው ተጓዥ ፍሬዴሪክ ካዮ በኢስማኤል ፓሻ ከተመራው የግብፅ ጦር ጋር እስከ ስናር ተጉዞ ዛጎሉን ከዓባይ ባመጣ ጊዜ ነው፤ የዛጎል ተመራማሪው ፌሩሳክም ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1823 አሳተመ።

ዛሬ ዝርያው የሚመደበው ዩኒዮኒዳ በተባለው የጨው አልባ ውኃ ዛጎሎች ክፍለ መደብ ውስጥ ነው። ውስጡ እንደ ዕንቁ ያንጸባርቃል፤ ማጠፊያውም ጥርስ የለውም። በቀይ ባሕር የሚገኘው አናዳራ አንቲኳታ የሚወከልበት የአርክ ዛጎሎች ቤተሰብ በአንጻሩ በማጠፊያው ላይ በረድፍ የተደረደሩ ብዙ ደቃቅ ጥርሶች ስላሉት፣ ማጠፊያው ያለበት የተሰበረ ቁራጭ እንኳ ቢገኝ ሁለቱን ማምታታት አይቻልም። ከኦይስተር ደግሞ በአጣበቁም ይለያል፤ ኦይስተር ሁልጊዜ በግራ ቅርፊቱ ሲጣበቅ ኢቴሪያ ግን በግራውም በቀኙም ሊጣበቅ ይችላል።

ውጫዊ ቅርጹ እንደ ተጣበቀበት ዓለትና እንደ ውኃው ፍሰት ይለዋወጣል፤ በአንዳንዱ ላይ ቱቦ መሰል እሾህ ይበቅላል። አንዱ ዝርያ በርካታ ስሞች የተደራረቡበት በዚህ የተነሣ ሲሆን፣ በአንድ ናሙና ላይ ብቻ የተመሠረተ ገለጻ ሊታመን አይገባውም።

ቅርፊት ዝምድናን ይናገራል፤ የኖረበትን ውኃ ግን በቀላሉ የሚያሳውቀው የሰብሳቢው መዝገብ ነው። ስለሆነም ከጣና ሐይቅ የጎርጎራ ዳርቻም ሆነ ከተከዜ ገባሮች ዛጎል የሚያነሣ ተማሪ የወንዙን ወይም የሐይቁን ስም፣ ዕለቱን፣ ጥልቀቱንና የተጣበቀበትን ዓለት ዓይነት እዚያው እንዳለ ይጻፍ።