የስታርሊንግ ክስ መዝገብ

በአሜሪካ ስለ መጤ ወፎች የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው አንድ ታሪክ አለ። ዩጂን ሽፌሊን የተባለ የኒው ዮርክ ባለጸጋ በሼክስፒር ፍቅር አበደ፤ በሼክስፒር ድርሰቶች ውስጥ ስሙ የተነሣ ወፍ ሁሉ በአሜሪካ ምድር እንዲኖር ተመኘ፤ ስታርሊንግ የተባለችውንም ወፍ ከአውሮፓ አስመጥቶ በከተማው መናፈሻ ለቀቀ። ወፏ ተባዝታ ከአትላንቲክ እስከ ፓስፊክ ያለውን ምድር ሞላች፤ የገበሬውን እህል በላች፤ የአገሩን ወፎች ከጎጇቸው አፈናቀለች። ይህ ታሪክ በመጻሕፍት፣ በጋዜጣና በራዲዮ ሲደጋገም ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይህ ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ ድርጊት፣ አድራጊና ምክንያት ይፈልጋል። ሰነዶቹን ስንመረምር ድርጊቱም አድራጊውም ጸንተው ይገኛሉ። ምክንያቱ ግን ሰነድ የለውም። ጉዳዩን ዛሬ ማንሣት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ያለ ሰነድ የገባው ምክንያት የሽፌሊንን ስም ብቻ ሳይሆን ስለ ወፏ ጥፋት የምናምነውን ነገር ጭምር አዛብቷልና። (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ተከሳሿን እንወቅ። የአውሮፓዋ ስታርሊንግ ጥቁር ናት፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ላባዋ አረንጓዴና ሐምራዊ ያንጸባርቃል፤ በክረምት ነጭ ነጠብጣብ ይወጣባታል። ዘማሪ ናት፤ የሌላ ወፍ ድምፅ ትቀዳለች፤ ከሰው ጋር ካደገችም ቃል መናገር ትችላለች። ጎጆዋን የምትሠራው በዛፍ ሽንቁርና በቤት ክፈፍ ሥር ነው። በሐዋሳ ወይም በዝዋይ ሐይቅ ዳር ከሰው እግር ሥር ፍርፋሪ የሚለቅሙት ጀርባቸው የሚያበራ ሰማያዊ፣ ሆዳቸው ቀላ ያለ ወፎች የቅርብ ዘመዶቿ ናቸው።

ሽፌሊን በ1827 ተወልዶ በ1906 ያረፈ፣ ቤተሰቡ በመድኃኒት ጅምላ ንግድ የታወቀ ሰው ነበር። ስሙ በሰነድ ጎልቶ የሚወጣው ከአሜሪካ የእንስሳትና ዕፅዋት ማላመጃ ማኅበር ጋር ነው። ማኅበሩ በ1871 በኒው ዮርክ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘ ሲሆን፣ ዓላማው ጠቃሚ ወይም ማራኪ የሆኑ የውጭ አገር እንስሳትንና ዕፅዋትን አምጥቶ ማላመድ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ማኅበሩ የጥቂት ወፈፌዎች ስብስብ አልነበረምና። ማላመድ በዘመኑ ራሱን የቻለ ሳይንስ ነበር። በፓሪስ የተፈጥሮ ተመራማሪው ኢዚዶር ዦፍሯ ሳንት ኢሌር የመጀመሪያውን ማኅበር በ1854 መሠረተ፤ ለንደን በ1860 ተከተለች፤ ብዙም ሳይቆይ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ በየከተማቸው የራሳቸውን አቋቋሙ። ለእነዚህ ሰዎች ምድር በአግባቡ ያልተደለደለ ጎተራ ነበረች፤ በአንዱ የተረፈውን ለሌላው ማካፈል እንደ በጎ ሥራ ይታይ ነበር። ወፍ ደግሞ ሁለት ጥቅም ነበራት፤ ተባይ ትበላለች፣ ትዘምራለች። ከአውሮፓ የሄደውም ሰፋሪ በልጅነቱ የሰማውን ዜማ ይናፍቅ ነበር። በኦሃዮ ግዛት የሲንሲናቲ ከተማ ማኅበር ከ1872 ጀምሮ በሁለት ዓመት ገደማ 4,000 ያህል የአውሮፓ ወፎችን አስመጥቶ ለቅቋል፤ ስታርሊንግም ከእነዚያ መካከል ነበረች። በ1889 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ተለቃለች። በደቡብ አፍሪካም ምድር ያኖራት በ1897 በኬፕ ታውን የለቀቃት ሴሲል ሮድስ ነው። ይህን ሁሉ ያደረጉ ሰዎች ትእዛዝ ከሽፌሊን አልተቀበሉም።

ራሱ የኒው ዮርክ ማኅበርም ቢሆን ወፍ መልቀቅ የጀመረው ሽፌሊን የሚከሰስበት ድርጊት በተፈጸመበት በ1890 አልነበረም። በኅዳር 1877 ያደረገው ዓመታዊ ስብሰባ በኒው ዮርክ ታይምስ ተዘግቧል። ዘገባው ስታርሊንግን ጨምሮ ልዩ ልዩ ወፎች በሴንትራል ፓርክ መለቀቃቸውን ይናገራል፤ ወደፊትም ለገበሬ የሚጠቅሙና ለመስክና ለጫካ ውበት የሚሆኑ የእንግሊዝ ወፎችን ማምጣት እንደሚገባ ይጠቅሳል። ማኅበሩ ራሱ በአደባባይ የሰጠው ምክንያት እንግዲህ ጥቅምና ውበት ነው።

ዋናው ድርጊት የተፈጸመው በማርች 1890 ነው። በብዙዎች ዘንድ የሚጠቀሰው ቀን ማርች 6 ሲሆን፣ በእኛ የካቲት 28 ቀን 1882 ይውላል፤ አጼ ምኒልክ በእንጦጦ ዘውድ ከጫኑ ገና አራት ወር ማለፉ ነው። የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ፍራንክ ቻፕማን በ1895 ባሳተመው የወፎች መመሪያ በ1890 60፣ በ1891 40 ስታርሊንጎች በሽፌሊን መሪነት በሴንትራል ፓርክ እንደተለቀቁ መዝግቧል። ቆየት ብለው የወጡ ጽሑፎች የመጀመሪያውን ቁጥር 80 ያደርሱታል። የቻፕማን ምስክርነት ክብደት አለው፤ ለድርጊቱ በጊዜም በቦታም ቅርብ ነበር። ከተለቀቁት ወፎች የመጀመሪያው የታወቀ ጎጆ የተገኘው በዚያው መናፈሻ ፊት ለፊት በቆመው በራሱ በቻፕማን መሥሪያ ቤት፣ በሙዚየሙ ጣሪያ ክፈፍ ሥር ነው። ሥራው ወፍ መመዝገብ የሆነ ሰው ስለ ድርጊቱና ስለ አድራጊው ሲጽፍ ስለ ሼክስፒር አንድ ቃል አላነሣም።

የሕጉ ምላሽ ፈጣን ነበር። በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ በስም ከከለከላቸው ጥቂት እንስሳት መካከል ስታርሊንግ አንዷ ናት፤ ከእንግሊዝ ድንቢጥና ከአይጥ አዳኙ ሞንጉዝ ጋር ተጽፋለች። ወፏ በዚያን ጊዜ ከኒው ዮርክ አካባቢ ገና ብዙ አልራቀችም። ስለዚህ መጤ ዝርያን የመፍራት አሳብ ከማላመድ አሳብ ጎን ለጎን በአንድ ትውልድ ውስጥ ይኖር እንደነበር እናያለን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን ታሪኩን በሚደጋግሙት ሰዎች ዘንድ ብዙም አይነሣም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ወፏን በምርመራ ሊዳኛት ወሰነ። ካልምባክና ጋብሪየልሰን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ከ2,000 በላይ ስታርሊንጎችን ጨጓራ ከፍተው የበሉትን ለይተው መዘኑ፤ ውጤቱን በ1921 አሳተሙ። ወፏ ቼሪና ሌላ ፍራፍሬ እንደምታጠፋ አልካዱም። ይሁን እንጂ የምትበላው የተባይ መጠን ስለበዛ፣ በጥቅሉ ሲታይ ለእርሻ ከጉዳቷ ጥቅሟ ያመዝናል ብለው ደመደሙ፤ በዚህም ከአንዳንድ የታወቁ የአገሩ ወፎች እንደምትበልጥ ጻፉ። እኔ ይህን ሰነድ ከመዝገቡ ሁሉ የላቀ ዋጋ እሰጠዋለሁ፤ የተከሳሿን አፍ ሳይሆን ሆዷን የጠየቀ ምርመራ ነውና።

ወፏ ግን በዚያ አልቆመችም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሚሲሲፒ ወንዝ ደረሰች፤ በ1942 በካሊፎርኒያ ታየች። በመቶ ሺዎች ሆና በአንድ ሥፍራ ስታድር ጩኸቷና ኩሷ ከተሞችን አስመረረ፤ በከብት ማድለቢያ ገንዳዎች ላይ እየሰፈረች መኖ ጨረሰች። ኦክቶበር 4 ቀን 1960 ከቦስተን ሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣ የኢስተርን አየር መንገድ አውሮፕላን ከስታርሊንጎች መንጋ ጋር ተጋጭቶ ወደብ ውስጥ ወደቀ፤ ከተሳፈሩት 72 ሰዎች 62ቱ ሞቱ። በ1967 ደግሞ ስታርሊሳይድ የተባለ በስሟ የተሰየመ መርዝ ተመዘገበላት። ስለዚህ ንጹሕ ናት ለማለት አልጻፍሁም። እነዚያ ሰዎች ሞተዋል፤ የገበሬውም ኪሳራ እውነተኛ ነው።

ሼክስፒርስ ከየት መጣ? በአሌጌኒ ኮሌጅ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ጆን ማክኒል ሚለርና ተማሪው ሎረን ፉጌት ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ጥናታቸው በ2021 ታተመ። ያገኙት የመጀመሪያው ምንጭ ኤድዊን ዌይ ቲል ነው፤ በኋላ የፑሊትዘር ሽልማት የተቀዳጀ የተፈጥሮ ደራሲ። ቲል በ1940ዎቹ መጨረሻ ሽፌሊን የሼክስፒርን ወፎች ሁሉ ወደ አሜሪካ የማስገባት ልዩ ፍላጎት ነበረው ብሎ ጻፈ። ይህ የተጻፈው ሽፌሊን ከሞተ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰነዶች፣ የማኅበሩ ዓላማም፣ የጋዜጣው ዘገባም፣ የቻፕማን መጽሐፍም፣ ይህን አሳብ አያውቁትም። በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትና ኦቴሎ በኩል ለአማርኛ አንባቢ ቤተኛ የሆነው ሼክስፒር ስታርሊንግን በድርሰቶቹ ሁሉ ያነሣት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሄንሪ አራተኛ የመጀመሪያ ክፍል ሆትስፐር የተባለው ቁጡ ባላባት ንጉሡን ለማበሳጨት አንዲት ስታርሊንግ የጠላቱን ስም እንድትደጋግም አስተምራታለሁ ብሎ ይዝታል። የአንድ ባለጸጋ የዕድሜ ልክ ፍቅር በዚህች ቅንጣት ላይ ቆመ መባሉ ቀድሞውንም ሊያጠራጥር ይገባ ነበር።

ታሪኩ ያለ ጥያቄ የተዛመተበትን ምክንያት ሳስብ የወንጀል ምርመራ ፊልሞች ትዝ ይሉኛል። ቲል ከመጻፉ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1941፣ የጆን ሂውስተን "የማልታው ጭልፊት" ለእይታ በቅቶ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ጋትማን የተባለ ወፍራም፣ ንግግር አዋቂ ሰብሳቢ አንድ የወፍ ሐውልት ፍለጋ 17 ዓመት ተንከራትቷል፤ የሰው ሕይወት ለእርሱ ከሐውልቱ በታች ነው። መርማሪው ሳም ስፔድ ዙሪያውን ያለውን ውሸት ሁሉ ሲገልጥ፣ በመጨረሻ የተገኘው ሐውልት ራሱ ሐሰተኛ ሆነ። አንደበቱ የተገራ፣ ልቡ ግን በአንድ ነገር የታወረ ባለጸጋ፦ ተመልካቹ እንዲህ ያለውን ወንጀለኛ አንድ ጊዜ ካወቀው በኋላ በማንኛውም መዝገብ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ቲል ከዚያ ፊልም ቀዳ ማለቴ አይደለም፤ አንባቢዎቹ ግን ሽፌሊንን ለመቀበል ተዘጋጅተው ነበር።

ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ በ1991 የወጣው የጆናታን ዴሚ "የበጎቹ ዝምታ" ነው። የፊልሙ መርማሪ፣ ጆዲ ፎስተር የተጫወተቻት ወጣት፣ ክላሪስ ስታርሊንግ ትባላለች። ከተገደለች ሴት ጉሮሮ የእሳት ራት ሙሽሬ ይገኛል፤ የነፍሳት ባለሙያዎች ሲመረምሩት በአሜሪካ የማይኖር፣ ከእስያ እንቁላሉ መጥቶ በሰው እጅ ያደገ ሆኖ ይገኛል። ያም ግኝት ወደ አንድ ሰው፣ ወደ አንድ የታመመ አእምሮ ይመራል። በልብ ወለድ ይህ መንገድ ትክክል ነው፤ ባዕድ ፍጡር ካለ ያመጣው እብድ አለ። በስታርሊንግ ጉዳይ ግን ያው መንገድ ያሳስታል፤ የመጤዋን ወፍ ዱካ የተከተለ ሰው የሚደርሰው ወደ ማኅበራት ጉባኤ፣ ወደ ጋዜጣ ዘገባ፣ በሕግ ወደ ተመዘገበ ዓላማ ነው። አንድ እብድ ሲገኝ ሌሎቹ ሁሉ ከመዝገቡ ይወጣሉ፤ ሲንሲናቲም፣ ፖርትላንድም፣ ሮድስም። ያ በጎ አድራጎት የመሰለ ሳይንስም ሳይጠየቅ ይቀራል።

ወንጀለኛው ሲከፋ ወንጀሉም አብሮ ያብጣል። ስታርሊንግ በዓመት 800 ሚሊዮን ዶላር የእርሻ ጉዳት ታደርሳለች የሚለው በየቦታው የሚጠቀስ አኃዝ በ2000 የወጣ የዴቪድ ፒሜንተልና ባልደረቦቹ ግምት ነው፤ የተሰላውም በሄክታር 5 ዶላር ያህል ጉዳት አለ ብሎ በማሰብ እንጂ በየማሳው ተለክቶ አይደለም። የአገሩን ወፎች አጠፋች የሚለውን ደግሞ ዋልተር ኬኒግ በ2003 መረመረ። በዛፍ ሽንቁር ጎጆ የሚሠሩ 27 የአገሩን ዝርያዎች የዓመታት ቆጠራ ስታርሊንግ ከመምጣቷ በፊትና በኋላ አነጻጸረ። ሽንቁር ስትቀማ ዓይን ያያል፤ ይሁንና ቁጥራቸው በእርሷ ምክንያት ቀንሷል ለማለት የሚያስችል ማስረጃ የተገኘው ሳፕሰከር ለተባሉት የግንደ ቆርቁር ዓይነቶች ብቻ ነበር። ኬኒግ ወፏን ነጻ አላወጣትም፤ የቀረበባት ክስ ግን ከማስረጃው እንደሚበልጥ አሳየ።

የመጤ ዝርያ አደጋን አሳንሰን እንድናይ የሚፈልግ ሰው ይህን ጽሑፍ እንዳይጠቀምበት እለምናለሁ። በሌላ ቦታ ሌላ ዝርያ ደሴቶችን ባዶ አድርጓል። የምጠይቀው ለእያንዳንዱ ክስ የራሱ ማስረጃ እንዲቀርብለት ነው።

እስከዚያው ወፏ ራሷ እየተመናመነች ነው። በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት በሰሜን አሜሪካ ቁጥሯ ከ1970 ወዲህ በግማሽ ገደማ መውረዱን አመለከተ። በተወላጅ አገሯ በብሪታንያም ክፉኛ ከቀነሱት ወፎች ቀይ መዝገብ ውስጥ ትገኛለች።

በሽፌሊን ላይ ከሰነድ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው፦ በ1890 እና በ1891 ስታርሊንጎችን በሴንትራል ፓርክ አስለቅቋል፤ ይህን ያደረገው ከእርሱ በፊት ሌሎች ሲያደርጉት የነበረውን ተከትሎ፣ ይጠቅማል ብሎ በሚያምን ማኅበር ስም ነው። የሼክስፒር ክስ በማስረጃ አልተደገፈም፤ ከመዝገቡ ሊሰረዝ ይገባል።