የራፋኤል ሁለቱ መላእክት በሰላምታ ካርድ

የራፋኤል ሁለቱ መላእክት የሚባሉት፣ ጣሊያናዊው የሕዳሴ ዘመን ሠዓሊ ራፋኤል ሳንዚዮ (1483–1520 እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለቤተ ክርስቲያን ከሣለው ታላቅ ሥዕል ተቆርጠው፣ በልደት፣ በሠርግና በፍቅረኞች ቀን ፖስትካርዶች ላይ የሚታተሙ ሁለት ክንፋም ሕፃናት ናቸው። ራፋኤል በኡርቢኖ ተወልዶ፣ በፍሎረንስና በሮማ ሠርቶ፣ በ37 ዓመቱ በዕለተ ስቅለት ዐረፈ።

ሥዕሉ

«ሲስቲና ማዶና» የተባለውን ይህን ሥዕል ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ ሁለተኛ በ1512 በፒያቼንዛ ለሚገኘው ለቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም እንዳዘዙት ይነገራል። በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ፣ ቁመቱም ከሁለት ሜትር ተኩል የሚበልጥ ሲሆን፣ በግራና በቀኝ በተገለጠው አረንጓዴ መጋረጃ መካከል እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ በደመና ላይ ስትራመድ፣ በአንዱ ወገን ቅዱስ ሲክስቱስ፣ በሌላው ወገን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ታኅሣሥ 8 ቀን የሚያስባት ቅድስት በርባራ ይታያሉ። በግርጌው ባለው መደገፊያ ጥግ ላይ የሲክስቱስ የጵጵስና አክሊል ተቀምጧል፤ በመካከሉም ሁለቱ ሕፃናት፣ አንዱ አገጩን በእጁ ይዞ፣ ሌላው ክንዶቹን አጣምሮ አገጩን በላያቸው አሳርፎ፣ ዓይናቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል። ሥዕሉ በ1754 ለሳክሶኒው ገዥ ለአውግስጦስ ሣልሳዊ ተሽጦ ወደ ድሬስደን ሄደ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ ወደ ሞስኮ ተወስዶ ከ1955 በኋላ በቀድሞ ስፍራው ይገኛል።

የሕፃናቱ አመጣጥ

በዚህ ነገር የሚነገረው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ አፈ ታሪክ፣ ለእመቤታችን ሥዕል አርአያ ሆና የተቀመጠችው ሴት ልጆች እናታቸውን ሲመለከቱ ሠዓሊው አይቶ እንደ ሣላቸው ሲተርክ፣ ሌላው ደግሞ ራፋኤል በመንገድ ሲያልፍ በዳቦ ቤት መስኮት ተደግፈው ዳቦውን በናፍቆት የሚያዩ ሁለት ሕፃናት አግኝቶ አኳኋናቸውን ወደ ሥዕሉ እንዳገባው ያወራል። ሁለቱም ትረካዎች ግን ከሠዓሊው ዘመን ዘግይተው የተሰሙ ይመስላሉ። የሠዓልያንን ታሪክ በ1550 ያሳተመው ጆርጆ ቫሳሪ ይህን ሥዕል በብዙ አድናቆት ሲጠቅስ፣ እመቤታችንንና ሁለቱን ቅዱሳን ብቻ ቆጥሮ ስለ ሕፃናቱ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ነገር ግን ሸራውን ሰሌዳ ብሎታልና ምናልባት ሥዕሉን በዓይኑ አላየው ይሆናል፣ ስለዚህም ዝምታው ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሥዕሉን የመረመሩ ጠበብት ሕፃናቱ ቀድሞ በተሣለው ደመና ላይ በመጨረሻ የተጨመሩ ናቸው ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ፣ ሠዓሊው ሥራው ሊፈጸም ሲል ግርጌው ባዶ ሆኖ ታይቶት፣ የምእመኑን ዓይን ከታች ተቀብሎ ወደ እመቤታችን የሚያደርስ ነገር ፈለገ ማለት ከዳቦ ቤቱ ወሬ ይልቅ የሚታመን ነው።

ወደ ካርድ መግባታቸው

ሁለቱን ብቻ ለይቶ የቀዳቸው በ1803 አውጉስት ፎን ዴር ኤምብደ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ እንደ ሆነ ይነገራል። በካርድ የሰላምታ መላላክ ልማድ የሰፋው ሄንሪ ኮል በ1843 በሎንዶን የገና ካርድ ካሳተመ ወዲህ ሲሆን፣ ለመላእክቱ በር የከፈተላቸው ግን በድንጋይ ላይ የሚሠራው የቀለም ኅትመት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻው ድንጋይ ተዘጋጅቶ፣ ወረቀቱም በየድንጋዩ ላይ በተራ እየተጫነ ሥዕሉ ከተሟላ በኋላ፣ በብረት ቅርጽ ታትሞ ጉንጭና ክንፍ ጎላ እንዲል ይደረግና ዙሪያው ተቆርጦ ይወጣ ነበር። ብልሃት ያለበት ካርድ ከዚህ ይልቃል፤ በእጥፋቱ ላይ ሁለት ትይዩ ስንጥቆች ስለሚደረጉበት፣ ሲከፈት በመካከላቸው ያለው ወረቀት ወደ ፊት ይገፋና የተለጠፈበትን ሥዕል ያቆመዋል።

በቴምብር

የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ሁለቱን መላእክት በ1995 «ፍቅር» በተባሉት ቴምብሮቹ ላይ አውጥቷቸዋል።

ስለ ካርዱ የሚሰጥ ፍርድ

ካርዱ ቤተ ሥዕል ገብቶ ለማያውቅ ሰው እንኳ የራፋኤልን እጅ አድርሷልና ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም የሕፃናቱ አንጋጦ ማየት ምሥጢሩ በላያቸው ያለችው እመቤት ስትሆን፣ በካርዱ ላይ ዓይናቸው የሚያርፈው በባዶ ወረቀት ወይም በመልካም ምኞት ጽሕፈት ላይ ነው፤ ይህም ጉድለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ እነዚህን ካርዶች የሚያሳትሙ ሁሉ ሕፃናቱን በሽፋኑ ላይ ቢያኖሩም፣ በውስጡ ሥዕሉን በሙሉ እንዲያትሙት፣ ይህም ባይሆን በጀርባው የሥዕሉንና የሠዓሊውን ስም እንዲጽፉ አደራ እንላለን።