የሕክምና ብዥታ

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ሐበሻ መጠጥ ማቆም አቅቶት መላ ፍለጋ ቢወጣ፣ ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ ቤተስዳ ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ይህ ሆስፒታል ታካሚ የሚቀበለው ለጥናት ብቻ ነው፤ ገንዘብም አያስከፍልም። አልጋው ያው የሆስፒታል አልጋ፣ ጋዋኑም ያው ነጭ ጋዋን ነው። ደም የምትቀዳው ነርስ «እንዴት አደሩ?» ትላለች። ሰውየው ለቤተሰቡ ደውሎ «ነፃ ሕክምና አገኘሁ» ቢል ማን ይፈርድበታል? የገባው ግን ጥናት ውስጥ ነው፤ ፊርማውም በወረቀቱ ላይ አለ።

ለዚህ መደባለቅ እ.ኤ.አ. በ1982 ስም ያወጡለት ፖል አፕልባም፣ ሎረን ሮት እና ቻርልስ ሊድዝ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስቱ በሥነ አእምሮ ጥናቶች የተሳተፉ ሰዎችን ሲያነጋግሩ አንድ ነገር ተደጋግሞ ገጠማቸው። መድኃኒቱ በዕጣ እንደሚታደል የተነገራቸው ሰዎች «ሐኪሙ ለእኔ የሚስማማኝን መርጦ ነው የሰጠኝ» ብለው ያምኑ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን «ቴራፒዩቲክ ሚስኮንሰፕሽን» አሉት። በአማርኛ የሕክምና ብዥታ ብንለው ይሄዳል እላለሁ፦ አንድ ሰው በፈቃዱ ጥናት ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ እዚያ የሚደረግለት ሁሉ ለእሱ ጤና ተብሎ የተመረጠ ሲመስለው ማለት ነው። «የተሳሳተ ግንዛቤ» የሚለው ጥፋቱን ሁሉ በተሳታፊው ላይ ስለሚጥል ትቼዋለሁ። ብዥ ያለበት ሰው ነገሩን ያየዋል፤ ዳር ድንበሩ ነው የማይለይለት።

ድንበሩ የት ነው? ሐኪም ታካሚውን አይቶ መድኃኒት ይመርጣል፤ ካልሠራ ይጨምራል ወይም ይቀይራል። ጥናት ግን አንድ ጥያቄ ይዞ የተነሣ ነው፤ መልሱ የሚጠቅመው በአብዛኛው ወደፊት ለሚመጡት ነው። መልሱ እንዲታመን ደግሞ ሐኪሙ ራሱ እጁን ያስራል። መጠኑ አስቀድሞ ተወስኗል። በብዙ ጥናቶች ብልቃጡ ላይ የመድኃኒቱ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ተጽፏል። ውስጡ ያለው እውነተኛው መድኃኒት ይሁን ምንም የሌለበት አምሳያው፣ ተሳታፊውም የሚያየው ሐኪምም አያውቁም። ማን ምን እንደሚደርሰው የሚወስነው ዕጣ ነው። የሙያው ሰዎች «በዘፈቀደ ድልድል» ይሉታል፤ ለእኔ ግን «ዘፈቀደ» ግዴለሽነት ያሸታል፣ ዕጣ ማለቱ ለሁሉም ግልጽ ነው።

ዕጣ በሱስ ጥናት ውስጥ ምን እንደሚያመጣ ከሚያሳዩት አንዱ ከ2014 እስከ 2016 በአሜሪካ ስምንት ቦታዎች ተሳታፊ የመዘገበው ጥናት ነው። የሄሮይንና የመሰል መድኃኒቶች ሱስ ያለባቸው 570 አዋቂዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለ287ቱ በየቀኑ ምላስ ሥር የሚደረግ ቡፕሬኖርፊን፣ ለ283ቱ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ናልትሬክሶን ደረሳቸው። ናልትሬክሶን ሄሮይን የሚሠራበትን በር የሚዘጋ መድኃኒት ነው፤ ዕፁ ከሰውነት ሳይወጣ ከተወጋ ሰውየውን ክፉኛ ያሠቃየዋል። ስለዚህ መርፌ የደረሰው ሰው አስቀድሞ ማላቡን፣ ማስመለሱን፣ እንቅልፍ ማጣቱንና ሐራራውን ችሎ ቀናት ማለፍ ነበረበት። ከ283ቱ የመጀመሪያውን መርፌ እስከ መወጋት የደረሱት 204 ናቸው። በሌላው ወገን ከ287ቱ 270ው መድኃኒታቸውን ጀምረዋል።

መርፌውን ሳይጀምሩ ከቀሩት 79 ሰዎች አንዱን እናስብ። ተራ ክሊኒክ ውስጥ ቢሆን ሐኪሙ ሐራራው እንዳሸነፈው አይቶ «እንግዲያው ሌላውን እንሞክር» ይለው ነበር። ጥናቱ ግን መርፌውን ቢወጋም ባይወጋም እስከ መጨረሻው በመርፌው ወገን ይቆጥረዋል። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ የቆጠራው ሐቅ የሚጠበቀው እንዲህ ስለሆነ ነው። በ24 ሳምንት ውስጥ ከመርፌው ወገን 65 በመቶ፣ ከሌላው 57 በመቶ ወደ ዕፁ ተመልሰዋል። መርፌውን መጀመር የቻሉት ብቻ ሲታዩ ግን ሁለቱ መድኃኒቶች ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ችግሩ መነሻው ላይ እንደሆነ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚነገረው እነዚያ መጀመር ያልቻሉት ሰዎች ከቆጠራው ስላልወጡ ነው።

እዚህ ላይ ብዥታው ባዶ ቅዠት አለመሆኑን መናገር ተገቢ ነው። በጥናት ውስጥ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ከውጭ የተሻለ ክትትል ያገኛል፤ ቀጠሮው ሲያልፈው ተደውሎ ይጠየቃል፣ ምክር አለ፣ ጉበቱና ደሙ ይመረመራል። ዘመድ ሳይቀር «ሰካራም»፣ «ጫታም» ብሎ ለሸሸው ሰው ስሙን አክብሮ የሚጠራው ባለሙያ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ደኅና የሱስ ሕክምና በቅርብ በማይገኝበት አገር ደግሞ ብቸኛው በር ጥናቱ ሊሆን ይችላል።

ክፍያውም ነገሩን ያወሳስበዋል። አብዛኛውን ጊዜ ለተሳታፊ የሚሰጠው ገንዘብ ለትራንስፖርትና ለጠፋበት ጊዜ ማካካሻ ነው። በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ እስቲቨን ሂጊንስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባደረጋቸው ጥናቶች ግን፣ ሽንቱ ተመርምሮ ከኮኬይን ነፃ ለተገኘ ሰው ዕቃ የሚገዛበት ኩፖን ይሰጠው ነበር። እዚያ ኩፖኑ ራሱ የሚፈተነው ሕክምና ነው። ስለዚህ «ለምን ይከፈለኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ድንበሩ ጨርሶ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ኬንታኪ ውስጥ ሌክሲንግተን ላይ ታይቷል። በ1935 የተከፈተውና ሕዝቡ «ናርኮቲክ ፋርም» ይለው የነበረው ተቋም እስር ቤትም ሆስፒታልም ነበር፤ የሱስ ምርምር ማዕከልም በውስጡ ነበረው። ከሱስ ሊድኑ የተላኩ እስረኞች ለሙከራ ፈቃደኛ ሲሆኑ፣ ከሚከፈላቸው ነገር አንዱ ያው የተያዙበት ዕፅ ነበር። ስለ ሱስ ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር ከዚያ ቤት መውጣቱን መካድ አይቻልም። ሆኖም ነገሩ በ1975 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀረበ፤ በእስረኞች ላይ የሚደረገው ሙከራም ብዙ ሳይቆይ ቆመ። በ1979 የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ሐተታውን የሚጀምረው በሕክምናና በምርምር መካከል ያለውን ድንበር በማስመር ነው። የጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች እስከ ዛሬ ይመሩበታል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ብዥታው ብዙ ጊዜ መድኃኒት እንኳ በሌለበት ይነሣል። በ1999 በታተመ ጥናት ቡታጅራና አካባቢዋ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎች ስለ ጫት ተጠይቀው፣ ግማሾቹ በወቅቱ እንደሚቅሙ ተናግረዋል። እንዲህ ያለው ጥናት መጠይቅ ብቻ ነው፤ ማንንም ለማከም አልተነሣም። ይሁንና ከጤና ጋር የተያያዘ ወረቀት ይዞ በር ያንኳኳ ሰው በገጠር ቤት «ዶክተር» መባሉ አይቀርም። «ምርቃና ሲወርድ ምን ይሰማዎታል?» ብሎ የጠየቀ ሰውም መፍትሔውን ይዞ የመጣ ይመስላል። የተጠያቂው ጥቅም የሚመጣው፣ ከመጣ፣ ዘግይቶና በሌላ መንገድ ነው። መጠይቁን ይዞ የሚዞረው ባለሙያ ይህን ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት መናገር አለበት እላለሁ፤ ፊርማ መቀበል ብቻውን አይበቃም።

የስምምነት ቅጹ ላይ «ከዚህ ጥናት በቀጥታ የሚያገኙት ጥቅም ላይኖር ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አለ። ሰው ዓይኑን ሳያሳርፍበት የሚያልፈው እሱን ነው። ከሱስ ለመላቀቅ ጥናት ሊገባ ያሰበ ሰው እዚያ ላይ ቆም ብሎ «እምቢ ብል ሌላ ምን ሕክምና አለልኝ? ዕጣው የማልፈልገውን ቢያወጣብኝስ? መሐል ላይ ወደ ሱሴ ብመለስ ታስወጡኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። በአሜሪካ የሚኖር ከሆነ ስለ ምስጢሩም ይጠይቅ፤ የዕፅ ተጠቃሚ ተሳታፊዎችን ማንነት ከፍርድ ቤት ጥያቄ እንኳ ለመከለል በ1970 የተጀመረ የሕግ ጥበቃ አለ፣ የራሱ ገደቦች ግን አሉት። ከሁሉ የሚረሳው ጥያቄ የመጨረሻው ቀን ነው። ጥናቱ ሲዘጋ መድኃኒቱም አብሮ ሊቆም ይችላል፤ ከዚያ ማግስት ማን እንደሚያየውና መድኃኒቱን ከየት እንደሚያገኝ ከመፈረሙ በፊት ስምና አድራሻ ያለው መልስ ይቀበል።