የኦሮሞ ፓርቲዎች፣ አንቀጽ 39 እና አዳማ

«የኦሮሞ ፓርቲ» ሲባል ወዲያው «መገንጠል» የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ነፃ ኦሮሚያን ግብ አድርጎ የተነሳው በ1966 ዓ.ም. ግድም የተመሠረተው ኦነግ ነው። በ1983 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱን ተቀላቀለ፤ በዓመቱ ከክልል ምርጫው ራሱን አግልሎ ወጣ። ክልሉን የገዛው ኦህዴድ ግን (በ2012 ዓ.ም. ብልጽግና ውስጥ ከስሟል) የመገንጠልን መብት በሕገ መንግሥት አጽድቆ ለመጠቀም አልሞከረም። የፕሮፌሰር መረራ ጉዲና ኦፌኮ የሚጠይቀው እውነተኛ ፌዴሬሽን ነው። ኦነግም ቢሆን አንድ ድምፅ አልነበረውም፦ በጄኔራል ከማል ገልቹ የሚመራው ክንፍ በ2004 ዓ.ም. የመገንጠልን ዓላማ መተዉን አስታወቀ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ሌንጮ ለታም በ2005 ዓ.ም. በፌዴራላዊት ኢትዮጵያ የሚያምን ሌላ ፓርቲ አቋቋሙ። ዋናው ኦነግ በ2011 ዓ.ም. ከኤርትራ ሲመለስ ታጣቂዎቹ ተለይተው ጫካ ቀሩ።

እኔን እንደ ሕግ ሰው የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንቀጽ 39 መንገዱን ይዘረዝራል፦ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፣ አብላጫ ድምፅ ይበቃል። ምክር ቤቱ ጨፌ ኦሮሚያ ነው፤ ጨፌው ደግሞ ሲሰበሰብ የኖረው አዳማ፣ አባ ገዳ አዳራሽ ነው። (ናዝሬት የሚለው እስካሁን አፌን ይቀድመኛል።)

ታዲያ ከአዳራሹ ውጭ ያለው ከተሜስ? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዳማ ከ220 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። ኦሮሞው 39 በመቶ፣ አማራው 35 በመቶ ገደማ፣ ጉራጌው 12 በመቶ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም።

አንቀጹ መብቱን የሰጠው ለብሔር እንጂ ለነዋሪ አይደለም። የኦሮሚያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 8 የክልሉ ሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤት የኦሮሞ ሕዝብ ነው ይላል። ካርድ ለብሔሩ ተወላጆች ብቻ ከታደለ፣ አዳማ ተወልዶ ያረጀው ጉራጌ የትኛው አገር ዜጋ እንደሚሆን ሌላ ሰው ይወስንለታል። ለነዋሪው ሁሉ ከታደለ ደግሞ የመብቱ ባለቤት ያልተባለ ሰው በመብቱ ይወስናል።

ለዚህ ቅርቡ ምሳሌ እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሐዋሳ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ያልሆነውም ነዋሪ እንዲመርጥ ተፈቅዶለት ነበር። ግን የዚያ ቀን ጥያቄ ክልል መሆን ነበር፤ ፓስፖርት የሚቀይር አልነበረም። ለመገንጠል ሲሆንም በዚያው አሠራር እንሄዳለን የሚል ሕግ የለንም፤ አንቀጽ 39ም መራጩ ማን እንደሆነ ለይቶ አላስቀመጠም።

ስለ ነፃነት የሚናገር ፓርቲ አዳማ፣ ሞጆ ወይም ሻሸመኔ ስብሰባ ሲጠራ እጄን አውጥቼ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ካርዱን ለማን ትሰጣላችሁ?